የቤታችን በሽታ

በደርግ ጊዜ አንኮበር የሳይንስ መምህርት ሳለሁ፣ ቄሱ አባቴ እየከሱ ሄዱ። ሆዳቸውን እየቆረጣቸው፣ በሰገራቸውም ደም እያዩ፣ ለማንም ሳይናገሩ ከርመዋል። የአባቴ እናትም፣ ታላቅ ወንድማቸውም እንዲሁ ሆነው ነው ያለፉት። ሰፈሩ “የቤቱ በሽታ” ይለው ነበር። እኔን ለልጃቸው ሊጠይቁ ያሰቡ ሰዎች እንኳ ይህንን ሰምተው ቀርተዋል።

እያንገራገሩም ቢሆን በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ሆዳቸውን ዳሰሰና፣

“አባ፣ ከቤተ ዘመድ እንዲህ የታመመ ነበር?” አላቸው።

“እናቴ። ወንድሜ። ሁለቱም በዚሁ ሄዱ።”

ሐኪሙ ከሳቸው ዞሮ እኔን አየኝ። ውጭ ጠርቶኝ፣ “የአንጀት ካንሰር ነው፤ ረፍዷል። በዘር የሚወርድ ይመስለኛልና አንቺም ታዪ። የመመርመሪያው መሣሪያ ያለው አዲስ አበባ ነው” አለኝ።

አዲስ አበባ ለመግባት ደግሞ ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ አይታለፍም። የቀበሌው ሊቀመንበር ዘንድ ሄድኩ።

“ምንሽን አመመሽ?”

“ገና ምንም አላመመኝም።”

“ላልታመመ ሰው ይለፍ የለም” ብሎ አሰናበተኝ። ደጋግሜ ብመላለስም መልሱ ያው ነበር።

አባቴ ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። በዚያ ሰሞን ክፍል ውስጥ የማስተምረው ስለ ዘር ውርስ ነበር። አንዲት ተማሪ፣ “ቲቸር፣ የወረስነውን መመለስ አይቻልም?” ስትለኝ፣ “አይቻልም” ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ሆዴን በቆረጠኝ ቁጥር ተራዬ ደረሰ እል ነበር። ነጋዴዎች በቅሎ እየነዱ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ሲወርዱ ከአፋፉ ቆሜ አይና፣ መንገዱ ለሁሉ ተከፍቶ ለኔ ብቻ የተዘጋ ይመስለኝ ነበር።

አዲስ አበባ ሄጄ የታየሁት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። አንጀቴ ውስጥ ገና ያልከፉ እጢዎች ተገኝተው ወጡልኝ።

ካረጀሁ ወዲህ በዘር የሚወርድ በሽታ የምታጠና አንዲት ተመራማሪ ደሜን ልትወስድ መጣች። “ዘረ መል ብቻውን አይሠራም” አለችኝ። “አንዱ ሌላውን ያዛል፣ ያስቆማል፤ እንደ መረብ የተያያዘ ነው። ትእዛዙ የት ጋ እንደሚበላሽ ካወቅን ጥፋተኛውን እናገኘዋለን።”

የወንድሜ ልጅ ግን ደም አልሰጥም አለች።

“ማወቁ ምን ያደርግልኛል፣ እቴቴ? እንዳንቺ ስፈራ ልኑር?”

“እኔ የተረፍኩት ስላወቅሁ ነው” አልኳት።

እስከ ዛሬ አልሰጠችም። ለበዓል መጥታ ምግቧን ሳትጨርስ ከተነሳች፣ ዓይኔ ከሷ አይነቀልም።