ሌላ ልጅ የጨረሰው መጽሐፍ

ላጲስ ወረቀት ላይ ሲፈገፈግ የሚወጣው ያ የጎማ ሽታ ዛሬም በድንገት ሲያገኘኝ ወደ ዘጠኝ ዓመቴ ይመልሰኛል። ባለፈው ሰሞን ልጄ የሒሳብ ስህተቷን ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ስታጠፋ ሽታው ወጥ ቤት ድረስ መጣብኝና የያዝኩትን ሳህን አስቀመጥኩ። አርባ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴት፣ በገዛ ቤቴ፣ ኮርነርስቶን በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ላጲስ ፈራሁ ብል ማን ያምነኛል? ግን እውነቱ እሱ ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ የምንኖረውም ፋልከንሪጅ በሚባል ሰፈር፣ ግድግዳው የጎረቤት ሳል በሚያሰማ ታውንሃውስ ውስጥ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን ጻፉ ባለች ቁጥር እጄ ይደርቅ ነበር። ማውራቱን አውቅበታለሁ፣ ማንበቡንም እንደ ነገሩ እችላለሁ፤ ነጭ ወረቀት ፊቴ ሲቀመጥ ግን እርሳሱን ጨብጬ፣ አጠገቤ ያለው ልጅ ሁለተኛ ገጹን እስኪያገላብጥ ድረስ አንድ ፊደል ሳልጥል እቀመጥ ነበር። ቆይቶ ጠዋት ጠዋት ያስመልሰኝ ጀመር። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ እናቴን ጠርቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከሰፈራችን ርቆ ወደሚገኝ ሌላ ትምህርት ቤት፣ መጻፍ ለማይሆንላቸው ልጆች ወደተዘጋጀ ክፍል፣ ብቻዬን በአውቶቡስ እንድመላለስ ሐሳብ አቀረበ። ያንን ክፍል አይቼው አላውቅም፤ በልቤ ግን መስኮት የሌለው፣ በሩ ከውጭ የሚቆለፍ አድርጌ ሠርቼው ነበር።

እናቴ ዘሃራ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ ከሰዓት በኋላ ትሠራ ነበር። እዚያ የምታጥባቸው የአንዲት አሮጊት ሴት ልጅ አራት ልጆቿን ቤት ውስጥ እንደምታስተምር ሰማችና፣ አንድ እሑድ ሻርፗን ሳታወልቅ አባቴ ፊት ቆማ፣ ረምላን እኔ ራሴ አስተምራታለሁ አለችው። አባቴ ታክሲ ይነዳ ነበር፣ ብዙ ሰው ስለሚያይም ብዙ የሚያውቅ ይመስለው ነበር። ደሴ ላይ ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት የእንግሊዝኛ ሰዋስው እንዴት አድርጋ እንደምታስተምር ጠየቃት። ቆይቶ እሱ ራሱ ያሸነፍኩበት ነው ብሎ ያሰበውን ቃል ተናገረ።

«ኦኬ፣ እስከ ስፕሪንግ ትራይ አድርጊ። ሴትዮዋ መጥታ ሪፖርቷ ጥሩ ካልሆነ ግን፣ በሴፕቴምበር ባሱ ላይ ትወጣለች።»

ሴትዮዋ ያላት ቤት ለሚማሩ ልጆች የተመደበችውን ተቆጣጣሪ ነው። በመኸር መጥታ እቅዳችንን ታያለች፣ በሜይ ተመልሳ ደግሞ የጻፍኩትን ታያለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሜይ የሚባለው ወር ለእኔ የሰው ፊት ነበረው።

ኦገስት ሊያልቅ ሲል አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡበት ቀን ደረሰና እናቴ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ጠረጴዛው ሁሉ በመጽሐፍ ተሞልቶ፣ እናቶች ቆመው ስለዚህኛው ሰዋስውና ስለዚያኛው የቃላት መጽሐፍ ይከራከሩ ነበር፤ አንዷ ይኼ ይከብዳል ስትል ሌላዋ ያኛው ልጅ ያሰለቻል ትላለች። እናቴ ሻርፗን እያስተካከለች ሁሉንም ሰማች፣ ምንም ግን አልገባትም፣ እኔም ያልገባት መሆኑ ስለገባኝ አፈርኩም ፈራሁም። ቆይታ አንድ ዘዴ አገኘች። መጽሐፍ ታነሣና በቀጥታ የመጨረሻውን ገጽ ትገልጣለች። ባዶ ከሆነ ትመልሰዋለች። አብዛኞቹ እስከ አሥረኛው ወይም እስከ ሃያኛው ገጽ ተጽፎባቸው የቀሩ ነበሩ። በመጨረሻ ሦስት መጻሕፍት፣ አንድ የጽሕፈት፣ አንድ የሰዋስው፣ አንድ የቃላት፣ ሦስቱም በአንድ ልጅ እጅ እስከ መጨረሻው መስመር በእርሳስ የተሞሉ፣ አግኝታ ደረቷ ላይ አቀፈቻቸው። የምትሸጠው ሴት ደነገጠችና እነዚህ እኮ ተሠርተው ያለቁ ናቸው፣ በስህተት ነው የመጡት አለቻት። እናቴ ለእኔ በአማርኛ እንዲህ አለችኝ፦

«ልጅ የሚተወው መጽሐፍ ምን ያደርግልናል? ይኼን የጀመረው ልጅ ጨርሶታል። አንቺም ትጨርሺዋለሽ።»

ያን መኸር፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሲረግፍ፣ እናቴ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ትፍቅ ነበር። ሦስቱን መጻሕፍት ተራ በተራ ዘርግታ፣ በትልቅ ነጭ ላጲስ መስመር በመስመር እያጠፋች፣ ፍርፋሪውን በመዳፏ ጠርጋ ወደ ሳህን ታራግፈው ነበር። ስትፍቅ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ዚክር የምታደርግ፣ የአላህን ስም የምታወሳ ይመስለኝ ስለነበር አጠገቧ ስቀመጥ ድምፅ አላሰማም ነበር። ቤቱ ሁሉ ያ ሽታ ነበረው፤ ሽታው ደግሞ እየቀረበ ያለ ነገር ሽታ ነበር፣ ምክንያቱም አንድ ገጽ በጸዳ ቁጥር እኔ የምቀመጥበት አንድ ነጭ ወረቀት ጨመረ ማለት ነው።

እንደፈራሁትም ሆነ። እስከ ኖቬምበር ድረስ በየጠዋቱ መጽሐፉ ፊት እቀመጣለሁ፣ እጄ ይደርቃል፣ እናቴ በቀስታ «በይ እስቲ» ትለኛለች፣ እኔ አለቅሳለሁ። አባቴ ሲገባ ገጹን አይቶ መጽሐፉን መዝጋት ልማዱ ነበር። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። አንድ ጠዋት፣ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶው ከጣሪያው ላይ ጠብ ጠብ እያለ ሳለ፣ ዝቅ ያለችው ፀሐይ በወጥ ቤቱ መስኮት ገብታ ወረቀቱ ላይ ጋደም አለች። ቀና ስል ባዶው መስመር ባዶ አልነበረም። ያ ልጅ እርሳሱን አጥብቆ የሚጫን ኖሯል፤ እናቴ ጥቁሩን አጥፍታዋለች፣ ስርጉዱ ግን እዚያው አለ። መጽሐፉን ወደ ብርሃኑ ዘንበል ሳደርገው ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወጡ። የሽፋኑ ጀርባ ላይ ስሙም ነበር፣ ኦወን ይላል። እርሳሴን አንሥቼ ስርጉዱ ውስጥ አስገባሁትና እጄ፣ ያ ዓመት ሙሉ የደረቀው እጄ፣ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሁለት ገጽ እጽፍ ጀመር። ኦወን ጎበዝ ነበር፣ ነጥቡንም ሰረዙንም ቦታው ላይ ነው የሚያስቀምጠው። የቃላቱ መጽሐፍ ላይ ለእያንዳንዱ አዲስ ቃል አንድ ዓረፍተ ነገር መሥራት ነበረብን፣ እሱም ስለ ውሻው፣ ስለ ሐይቅ ዳር ቤታቸው፣ ስለ አያቱ ጽፎ ነበር፣ እኔም የእሱን ውሻና የእሱን አያት በእጄ ደግሜ እጽፍ ነበር። እናቴ ገጹን ስታይ ትንሽ ቆይታ «አልሃምዱሊላህ» ትላለች፣ ከዚያ በላይ ምንም አትልም። አባቴ ግን ለጓደኞቹ ስልክ እየደወለ ልጄ ራይቲንግ ላይ ፈጠነች ይል ነበር። እሱ በተኩራራ ቁጥር እኔ አንድ እርምጃ ወደ ገደሉ የተጠጋሁ ይመስለኝ ነበር፣ ሜይ ሲመጣ ሴትዮዋ እስቲ እዚህ ጻፊ ብላ ስርጉድ የሌለበት ወረቀት ትሰጠኛለችና። ኦወንንም እፈራው ነበር። አንድ ቀን መጫወቻው ሜዳ ላይ አንዲት እናት ኦወን ብላ ልጇን ስትጠራ ሰምቼ፣ ጓንቴን በረዶው ላይ ጥዬ ቤት ድረስ ሮጥኩ። መጥቶ የእኔን መልስ መልሺ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ይኼንን አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም።

ሜይ ደረሰ። ሴትዮዋ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በወፍራም ካልሲ ገባች፣ ፀጉሯ አጭርና ሽበታም ነበር፣ ድምጿም መልካም ነበር፤ መልካምነቷ ይበልጥ አስፈራኝ። እናቴ ሻይና ሳምቡሳ አቅርባላት፣ እኛ ጠረጴዛው ላይ ስንቀመጥ እሷ ጀርባዋን ሰጥታን ሳህን ታጥብ ጀመር። ሴትዮዋ የሰዋስውን መጽሐፍ አገላበጠች፣ የጽሕፈቱን አገላበጠች፣ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ እያለች። የቃላቱን መጽሐፍ ስትከፍት አንድ ገጽ ላይ ቆመችና ጮክ ብላ አነበበች። እያመነታ የሚለውን ቃል ለመጠቀም የተሠራ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ አያቴ ጀልባውን እያመነታ ሸጠ ይላል።

ፈገግ ብላ አየችኝ። «አያትሽ ጀልባ ነበረው?»

አያቴ ደሴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ውሃ እንደሚፈሩ፣ ወንዝ ለመሻገር እንኳ ሰው እጃቸውን መያዝ እንደነበረበት፣ እናቴ እየሳቀች ብዙ ጊዜ ነግራኛለች። በሐሳቤ አውቶቡሱ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ያኔ እናቴ ፊቷን ሳታዞር፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ተናገረች።

«አዎ። አባቴ ነው። ወሎ ውስጥ ሐይቅ የሚባል ከተማ አለ፣ እዚያ ጀልባ ነበረው።»

እናቴ ስልክ ሲደወል እንኳ የለችም በይ የማትለኝ ሴት ነበረች። ውሸት ከእሷ አፍ ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ከሴትዮዋ ጥያቄ ይልቅ እሱ አስፈራኝ።

ሴትዮዋ ደስ አላት። ከማስታወሻዋ አንድ ነጭ ወረቀት ቀድዳ ፊቴ አስቀመጠችና፣ ስለዚያ ጀልባ እስቲ ጻፊልኝ አለችኝ። እናቴ ቧንቧውን እስከ መጨረሻ ከፈተችው። ውሃው ሲጮህ እርሳሱን ይዤ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ዘንበል አደረግኩ፣ ከልማድ። ምንም የለበትም። እጄ ደረቀ። ቧንቧው ይጮሃል፣ የእናቴ ትከሻ አይንቀሳቀስም፣ አንድም ሳህን እያጠበች አልነበረም። እናቴ ለእኔ ብላ ዋሽታለች፣ እኔ ካልጻፍኩ ውሸታም ሆና ልትቀር ነው። ከአውቶቡሱ ይልቅ ይኼኛውን ፈራሁና ጻፍኩ። አያቴ ጀልባ ነበራቸው። ግን ውሃ ይፈሩ ነበር። ስለዚህ ጀልባው ዳር ላይ በገመድ ይታሰራል፣ እሳቸው ውስጡ ተቀምጠው የሰው ሱሪ ይሰፋሉ። አሣ ሲዘል ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ሴትዮዋ አነበበች። ወረቀቱን አየች፣ መጽሐፉን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን አየች። እናቴ ቧንቧውን ዘጋች።

«እዚህ ላይ ብዙ ስህተት አለ፤» አለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ፤ «መጽሐፉ ውስጥ አንድም አልነበረም።»

ከዚያ መጻሕፍቱን አንድ ላይ ደርድራ ወደ እናቴ በኩል ገፋ አደረገቻቸውና፣ ከእንግዲህ እንዲህ ያለውን በየሳምንቱ አንድ ገጽ እንድንልክላት፣ እንዳናርመውም ነገረችን። ወረቀቱን ለራሷ ይዛው ሄደች። አባቴ ማምሻውን ሲገባ ሪፖርቱስ ብሎ ጠየቀ፣ እናቴ «ትቀጥላለች» ብላ ራት አቀረበች። መጻሕፍቱ ፍሪጁ ላይ ወጡ። ያን በጋ፣ ሳሩ ለምልሞ ፀሐይ አልጠልቅ ስትል፣ በየዓርቡ አንድ ገጽ እየጻፍኩ እንልክ ነበር፣ በየዓርቡም ጠዋት እፈራ ነበር፣ ግን እጄ ከዚያ ወዲህ ደርቆ አያውቅም።

ዘንድሮ እኔም ልጄን ቤት ማስተማር ጀመርኩ። ለእሷ የጽሕፈትና የሰዋስው መጽሐፍ ስመርጥ ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ የማላውቃቸውን እናቶች አስተያየት ስልኬ ላይ ሳነብ እውላለሁ፣ አንዱን መርጬ በነጋታው እተወዋለሁ። እናቴ አሁን ጡረታ ወጥታለች፣ ጠዋት ጠዋት ትመጣለች። አንድ ቀን ድፍረት አገኘሁና፣ ያኔ ስለ ጀልባው ለምን እንደዋሸች ጠየቅኳት። ገርሟት አየችኝ።

«እኔ አይደለሁ የፋቅኩት? ከማጥፋቴ በፊት እያንዳንዷን አነብ ነበር እኮ፣ ኢንግሊሽ ልማርበት ብዬ። የዚያን ልጅ አያትና ጀልባ በቃሌ አውቀው ነበር። አንቺ ስትጽፊው ባየሁ ጊዜ ወዲያው ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ፣ እማዬ?»

«ብናገር እጅሽ መልሶ የሚደርቅ መሰለኛ። ሲንቀሳቀስ ማየት ብቻ ነው የፈለግኩት። ሜይ ሲደርስ ግን፣ ወላሂ፣ ካንቺ ብሶ እኔ ነበርኩ የምፈራው።»

ከንፈሯ ትዝ አለኝ። ዚክር አልነበረም። ክረምቱን ሙሉ ብቻዬን የተሸከምኩት የመሰለኝን ፍርሃት እሷም ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ ተሸክማው ኖራለች፣ እኔን እንዳታስደነግጥ ፊቷን ሰብስባ።

በመጨረሻ የመረጥኩት መጽሐፍ ትናንት ደረሰ። እናቴ አነሣችውና እንደ ድሮዋ በቀጥታ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ባዶ ነበር። በመዳፏ ዳበሰችው።

«ማን ጨርሶት ነው የገዛሽው?»

«ማንም። አዲስ ነው።»

መጽሐፉን መለሰችልኝ። እኔ ከፊቴ ኦወን ነበረ፣ እርሳሱ የሰረጎደውን እየተከተልኩ እጄን አፍታታሁ፤ ልጄ ዛሬ ጠዋት የተቀመጠችበት ወረቀት ላይ ግን ከእሷ በፊት ማንም አላለፈም። ሴትዮዋ የመጣች ቀን እናቴ የእርሳሴን ዝምታ ላለመስማት ብላ ቧንቧውን ከፈተች። እኔ ያልታጠበ ሳህን ይዤ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ቧንቧውን ዘግቼ ቆሜያለሁ፣ እርሳሷ ሲንቀሳቀስ እስክሰማ።