ከበሩ አጠገብ ያለው ክምር

ነፋስ እፈራለሁ። ነፋስ የሚፈራ ሰው የነፋስ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ምን ይሠራል ብትሉኝ፣ እኔም ራሴን የምጠይቀው ነው። ቡራዩ በተከራየነው ቤት ሆኜ እንኳ የጣሪያው ቆርቆሮ መንኳኳት ሲጀምር ተነሥቼ በመስኮት ጭስ እፈልጋለሁ። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ከዚያ የየካቲት ቀን ወዲህ ነው።

እኔና ታናሽ ወንድሜ የምንሠራው ከሱሉልታ በላይ፣ ተረተሩ ላይ በተተከሉት ተርባይኖች ነው። እሱ ቴክኒሻን ነው፤ በማማው ውስጥ መሰላል እየወጣ አናቱ ላይ ያለውን ማሽን ይፈታል፣ ይገጥማል። እኔ ሴፍቲ፣ የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሰው ሴፍቲ ሲባል ቢጫ ሰደርያ ለብሶ በሌላው ላይ መጮህ ይመስለዋል፤ እውነቱን ለመናገር ብዙም አልተሳሳተም። በበጋ ግን ዋናው ጭንቀቴ ሣር ነው። ተረተሩ እንዳለ ሣር ነው፣ ከጥር ጀምሮ ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ አንድ የክብሪት እንጨት ይበቃዋል። ስለዚህ በየማማው ዙሪያ ያለው ሣር ይታጨዳል፣ ከሥሩም ጠጠር ይነጠፋል፤ እሳት ቢመጣ የሚበላው አጥቶ እዚያው እንዲቆም።

ሣሩን የሚያጭዱልን የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው። ስምምነቱ ቀላል ነበር፤ እነሱ ያጭዳሉ፣ ሣሩ የእነሱ ይሆናል። ለሱሉልታ ሰው ሣር ማለት የላም ቀለብ፣ የልጅ ደብተር፣ የበዓል በግ ነው። የታጨደ ሣር ግን መድረቅና መከመር እንዳለበት ቢሮ ያለ ሰው አላሰበም። ገበሬዎቹ ደግሞ ዙሪያቸውን ቢያዩ ከጠጠሩ የተሻለ ቦታ አላገኙም። ከሥር እርጥበት የለው፣ ከብት አይደርስበት፣ ዘበኛው በነፃ ይጠብቀዋል። እሳት እንዳይጠጋ ብለን ባዶ ያደረግነው መሬት ላይ ድርቆሻቸውን ከመሩበት።

ትልቁ ክምር ከአንዱ ማማ በር አጠገብ ነበር፤ በኦሮምኛ ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው የከመሩት። ባገኘኋቸው ቁጥር፣ "ኦቦ፣ ይሄን ነገር ያንሱልኝ እንጂ" እላለሁ። "አንቺ ልጅ፣ ሣር እየፈራሽ ባል እንዴት ልታገቢ ነው?" ብለው ይስቁብኛል። ከጥምቀት በኋላ አነሣለሁ አሉ፤ ጥምቀት አለፈ። ለአለቃዬ ብነግረው፣ "ከአገሬው ጋር አታጣይን" አለኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል።

ያን ቀን ጠዋት ከታች ካለው እርሻ ጭስ አይቼ ነበር። እዚያ አገር ጦም ያደረ መሬት ሲታረስ አፈሩን ከነሣሩ ሥርና ከኩበት ጋር ቆልለው ያጋዩታል፤ እሳቱ አፈር ለብሶ ለቀናት ውስጥ ውስጡን ይነዳል። ለመሬቱ ጥሩ ነው ይላሉ። ዘበኛው ሄዶ አየና "ተዳፍኗል" አለ። እውነትም ተዳፍኖ ነበር። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነሣና አፈሩን ገለጠው።

"ኢቢዳ! ኢቢዳ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ፤ እሳት፣ እሳት ማለታቸው ነው። ዘወር ስል ዳገቱ ሥር ረጅም የእሳት መስመር ወደ እኛ ሽቅብ እየመጣ ነው። እንዲህ ይፈጥናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሣሩ ሲንጣጣ ከሩቅ ይሰማል። ወንድሜ ደግሞ ያ ክምር ካለበት ማማ አናት ላይ ነበር።

በሬዲዮ ጠራሁት። "ጭሱ እየታየኝ ነው፣ ምን ላድርግ?" አለኝ።

ውረድ ብዬ ባዘው፣ መሰላሉን ጨርሶ በሩን ሲከፍት እሳቱ ደጃፉ ላይ ሊቀበለው ይችላል። እዚያው ቆይ ብዬ ባዘው፣ ክምሩ ከተያያዘ ጭሱ በበሩ ሥር ገብቶ በባዶው ማማ ውስጥ ሽቅብ ይወጣና ያፍነዋል። ሥልጠና ላይ የተማርኩት ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ።

"ውረድ! ግን እኔ ሳልጠራህ በሩን እንዳትከፍት!"

"እሺ" አለ። ከዚያ በኋላ ብጠራው ብጠራው መልስ የለም። ከአናቱ ወርዶ መሰላሉ ላይ ከሆነ ሬዲዮ እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ምንም አልረዳኝም። ሞቶብኛል አልኩ።

ገበሬዎቹ ከየአቅጣጫው እየሮጡ መጡ። ደረሱልኝ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። እነሱ ግን ቀጥ ብለው ወደየክምራቸው ሄዱ! እያንዳንዱ የራሱን ድርቆሽ እየተሸከመ ወደ ታረሰው መሬት ያወርዳል። ልሰድባቸው አፌን ስከፍት ጠጠሩ ሲገለጥ አየሁ። ሣራቸውን ሲያድኑ ወንድሜን እያዳኑልኝ ነበር። አንድ ክምር ብቻ ቀረ፤ የኦቦ፣ የበሩ። እሳቸው ቡራዩ ለቅሶ ሄደዋል።

"ይሄንንስ?" ብዬ ጮህኩ።

አንዱ ጎልማሳ ባዶ እጁን ቆሞ አየኝ። "የሰው ነው" አለ።

እዚያ አገር ባለቤቱ በሌለበት የሰው ክምር አይነካም፤ የነካ ሰው ስሙ ይጠፋል። "ወንድሜ ውስጥ አለ!" አልኩ። ዝም ያለውን ማማ አዩ፣ የተዘጋውን በር አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ። ቀድሞ እጁን የሚዘረጋ ጠፋ። ብቻዬን ሣሩን በክንዴ እያቀፍኩ መጎተት ጀመርኩ። አለቅስ ነበር፤ ከዚያ ክምር የማወርደው የሚያስቅ ያህል ትንሽ ነበር። ሙቀቱ ጀርባዬን መለብለብ ጀምሯል።

የኦቦ ባለቤት፣ እንደ እናት አዴ የምንላቸው፣ ነጠላቸው ወድቆ፣ እያለከለኩ ዳገቱን ወጡ። ለሣራቸው ሊጮሁ የመጡ መሰለኝ።

"ሰው አለበት?" አሉኝ።

"ወንድሜ ነው፣ አዴ!"

ወደ ሰዎቹ ዞሩ። "ፉዻ! ፉዻ! ውሰዱ እንጂ! ምን ቆማችኋል? የኔ ነው፣ ውሰዱት፣ ጣሉት!"

ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ተረባረበ። ማንም የት ልጣለው አላለም፤ የተመቸው ቦታ ወረወረው። እሳቱ ጠጠሩ ላይ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ አለፈ፤ ብልጭታው ግን ከወዲያ የተበተነው ድርቆሽ ላይ አረፈና የአዴ ሣር ዓይናቸው እያየ አለቀ።

ወንድሜ ሳልጠራው በሩን ከፍቶ ነበር፤ ወላፈኑ ቅንድቡን ልሶታል። እያሳለ ሲወጣ ደረቱን በቡጢ መታሁት፣ ከዚያ አቅፌው አልለቅም አልኩ። እሱ ከእጄ ወጥቶ የአዴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ቀና አደረጉት።

"እናት አለችህ?"

"አለችኝ፣ ዓለም ገና።"

"ዛሬ አትሂድባት። እንዲህ ሆነህ እንዳታይህ።"

በማግስቱ ጎረቤቶቻቸው ከየክምራቸው ሸክም ሸክም እያወጡ ለእነ ኦቦ አዋጡ። የታጨደ ሣር በዕለቱ ከተረተሩ እንዲወርድም የአገሩ ሽማግሌዎች ወሰኑ፤ ጠጠር ላይ ያደረ ክምር ደግሞ የማንም ቢሆን ያየው ሁሉ ያነሣዋል። እኔ ግን ቆርጬ ነበር። ሥራውን እለቃለሁ፣ እሱንም አስለቅቀዋለሁ። እሑድ ይሄን ለእናታችን ልነግር ዓለም ገና ሄድን።

"ቅንድብህን ምን ነካው?" አለችው ገና ከበር።

"ጋዝ ስለኩስ ነው" አላት። ቅንድቡን ደግማ አይታ ምሳ አቀረበች፤ እኔም የመጣሁበትን ሳልነግራት በላሁ። ስንወጣ እሱ ባጃጅ ሊጠራ ቀደመ፤ እሷ ክንዴን ይዛ አስቀረችኝ።

"ውሸቱን ነው አይደል?"

"አዎ፣ ማማው ሥር እሳት ተነሥቶ ነበር" አልኳት። ሥራውን ልቀቁ እስክትለኝ ጠበቅኩ።

"አንቺ የት ነበርሽ?"

"ከሥር።"

ክንዴን አልለቀቀችም። "እሱ መውጣቱን አይተውም፤ የወለድኩትን አውቀዋለሁ። አንቺ ከሥር አትጥፊብኝ" አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ሰርቪሱ ላይ ቀድሜው ተቀመጥኩ። ቢጫ ሰደርያዬን ለብሼ፣ ከጎኔ ቦታ ያዝኩለት።