ልጄ እጅ ያስታጠበቻት ተቆጣጣሪ

ይህ የደረሰብኝ የእኛ ሚሌኒየም በተከበረ በዓመቱ፣ ኖርዌይ፣ ኦስሎ ውስጥ ቶየን የሚባል ሰፈር ስንኖር ነው። ብዙ ጊዜ አልፎታል። እንግዳ መጥቶ ጆግና ማስታጠቢያ ባነሣሁ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል፤ ያን ቀን ልጄን ላጣት ነው ብዬ ነበር።

ልጃችን ሶስና ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ጀምራ ነበር። አንድ ቀን ማዕድ ቀርቦ እንጸልይ ስንል አፏን ዘጋች። ምነው ብላት፣ ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ የክፍሏ ልጆች ስለሳቁባት መተዋን ነገረችኝ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ራሴ አስተምራታለሁ ብዬ አስወጣኋት። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር ማለት ነው፣ ተቆጣጣሪ እየላከ ያያል፣ ያ ብቻ ነው።

ማታ ማታ አረጋውያን መጦሪያ ቤት እሠራለሁ፤ ቀን ቀን የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ትምህርት ቤት ሆነ። መዝሙረ ዳዊት እናነባለን፣ ከዚያ ሒሳብ፣ ከዚያ ኖርዌጂኛ፣ ከሰዓት ፊደል። ባሌ ታደሰ አውቶቡስ ነጂ ነው። "በሰው አገር ከመንግሥት ጋር እልህ አትጋቢ" ይለኝ ነበር። አልሰማሁትም።

ተቆጣጣሪዋ መጣች። ጡረታዋ የተቃረበ፣ ረጋ ያለች አስተማሪ ናት። ሶስና እንዳስተማርኳት ብድግ ብላ ቆመች። ሴትየዋ ትጠይቃታለች፤ ልጄ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ዝም። ማባዛትን እንደ ውሃ የጠጣችው ልጅ ትንፍሽ አላለችም። ትልቅ ሰውን ዓይን ዓይኑን ማየት ነውር ነው ብዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ለእኔ ጨዋነት ነው፤ ሴትየዋ ያየችው ግን ፍርሃት ነው።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ "እዚህ ቤት ልጅቷ የምትፈራው ሰው አለ?" አለችኝ።

የለም አልኳት።

"እንደገና እመጣለሁ። ያኔም ካልተናገረች ትምህርት ቤት ትመለስ ብዬ እጽፋለሁ። ጉዳዩንም ለሚመለከታቸው ማሳወቅ ይኖርብኛል።"

የሚመለከታቸው ስትል ባርነቨርን የሚባለው፣ ልጅን ከወላጅ እስከ መውሰድ ሥልጣን ያለው መሥሪያ ቤት ታየኝ። በቤተ ክርስቲያን ስለ እሱ ስንቱን ሰምተናል። የሰማነው ምን ያህሉ እውነት እንደሆነ አላውቅም፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ሶስናን ቀና ብለሽ ሰው እይ እያልኩ ላለማምዳት ብሞክር፣ "ነውር ነው ብለሽኝ የለ?" ብላ አለቀሰች። ትቼው ጸሎቴን ያዝኩ።

ቀጠሮው ደረሰ። ታደሰም ከሥራ ቀርቷል። አሁንም ጥያቄ፣ አሁንም ዝም። ሴትየዋ መነጽሯን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ያም ሆኖ ቤቴ የመጣ እንግዳ ሳይቀምስ አይወጣም። የምስር ወጡን አቀረብኩና ጥቂት ቅመሺልኝ አልኳት። እሺ አለች።

ይሄኔ ሶስና ማንም ሳያዛት ተነሥታ ጆጉን፣ ማስታጠቢያውንና ፎጣውን ይዛ መጣች። ቤታችን እንግዳ ማስታጠብ የእሷ ሥራ ነው። ሴትየዋ ግራ ገብቷት ወደ ቧንቧው ልትሄድ ተነሣች። ልጄ መንገዷ ላይ ቆመችና በኖርዌጂኛ፣ "ቁጭ በይ። እጅጌሽን ሰብስቢ" አለቻት።

ታደሰና እኔ ተያየን። ሴትየዋ ታዛ ተቀመጠችና እጇን ዘረጋች።

ታጥባ ጨረሰች፣ በፎጣው አደረቀች። ሶስና ግን ከፊቷ አልሄደችም።

"ምን ቀረ?" አለቻት ሴትየዋ።

"አልመረቅሽኝም።"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

ልጄ ቀና ብላ አየቻት። ያስታጠበ ልጅ እንደሚመረቅ፣ አባቷ ሁልጊዜ እንደሚመርቃት፣ ኢየሱስም የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበ፣ ጴጥሮስ መጀመሪያ እምቢ ብሎ እንደነበር ነገረቻት። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት። ሴትየዋም ብልህ ናት፤ "እንግዳው ይህን ያህል ቢሆን ስንት እጅ ታስታጥቢያለሽ?" እያለች ማባዛቱን በጨዋታ መሃል ጣል ታደርግላታለች፤ ሶስና ከአፏ ቀበል አድርጋ ትመልስላታለች።

"እሺ፣ ምርቃቱ እንዴት ነው የሚባለው?"

"እደጊ፣ ተመንደጊ።"

ሴትየዋ እጇን ልጄ ራስ ላይ አድርጋ፣ በተሰባበረ አማርኛ ደገመችው። ከዚያ በራሷ ቋንቋ፣ "ማንንም የማትፈሪ ሁኚ" ብላ ጨመረችበት። ታደሰ አሜን አለ።

ስትወጣ በሩ ላይ፣ "እኔ በእግዚአብሔር የማምን ሰው አይደለሁም። በትክክል ነው ያልኩት?" ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳትና አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ልጅቷ ደኅና እየተማረች ነው ብላ ጻፈችልን።

ሶስና ከፍ እስክትል ቤት ተማረች፤ ኋላ ራሷ ትምህርት ቤት ልመለስ ብላ ተመለሰች። ዛሬም ልጅን በሃይማኖቱ ማሳደግ የወላጅ ድርሻ ነው ባይ ነኝ፤ በዚህ አልተለወጥኩም። ያኔ ግን የማያምን ሰው ለልጄ የሚተርፍ መልካም ነገር አለው ብትሉኝ አልቀበልም ነበር። ያን የመሰለ ምርቃት የመጣው ከማታምን ሴት አፍ መሆኑን ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል።

ሴትየዋ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም፤ በጸሎቴ ግን አነሣታለሁ። ሶስና ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ለምሳ ስትቀመጥ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች፤ ማን አየኝ፣ ማን ሳቀብኝ አትልም። ምርቃቱ ደርሷል።