የአማቷ ጎድን

የስፌት ቤቱ ሴቶች ስሟን ከጠሩት ቆይተዋል፤ «ቅብዝብዝ» ነው የሚሏት። እጅጌ እየገጠመች እንኳ ዐይኗ በሩ ላይ ነው። ልጅ ከወለደች ወዲህ ደግሞ ባሰባት። ሕፃኑ ሲተኛ ጣቷን አፍንጫው ሥር ታስጠጋለች፤ ትንፋሹ ካልተሰማት ትቀሰቅሰዋለች። አማቷ ይህን ሲያዩ፣ «የተኛ ልጅ የሚቀሰቅስ ምን ዓይነት ሰው ነው» ይላሉ፤ ለእሷ ሳይሆን ለግድግዳው። አንድ ቤት እየኖሩ የሚነጋገሩት በባሏ በኩል ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ነርስ የአዋቂ፣ የልጅና የሕፃን አሻንጉሊቶች ይዛ ስፌት ቤቱ መጣች። ልብ ሲቆም ደረት እንዴት እንደሚጫኑ ልታስተምር ነው፤ ለአዋቂ ሁለት እጅ አነባብሮ፣ ለትንሽ ልጅ በአንድ እጅ፣ ለሕፃን በሁለት ጣት። ሴቶቹ አዋቂውን አሻንጉሊት ከበው፣ «ይኼስ ከኔ ባል ይሻላል፣ አይጨቀጭቅም» እያሉ ሲሳሳቁ ቅብዝብዝ ከሕፃኑ አልተነቀለችም። አዋቂውን የሞከረችው ነርሷ ስለተቆጣቻት ብቻ ነው።

የፈራችው በአንድ በኩል፣ የመጣው በሌላ በኩል ሆነ። እሁድ ከሰዓት በኋላ አማቷ የታጠበ ልብስ ሲያጥፉ ቆይተው ወለሉ ላይ ዘፍ አሉ። ትከሻቸውን ይዛ ብትጠራቸው መልስ የለም። አለፍ አለፍ እያሉ ብቻ አፋቸውን ከፍተው ያጣጥራሉ።

«ትተነፍሳለች፣ አትነካኪያት» አለ ባሏ።

«ይኼ ትንፋሽ አይደለም። አምቡላንስ ጥራ።»

መዳፏን ደረታቸው መካከል አነባብራ፣ ክንዷን ቀጥ አድርጋ ትጫን ጀመር፤ በኃይል፣ ቶሎ ቶሎ፣ ደረታቸው ተመልሶ እስኪነሣ እየለቀቀች። ከመዳፏ ሥር አንድ ነገር ቀጭ አለ። ባሏ ስልኩን እንደያዘ ክንዷን ጨበጣት።

«እናቴን ሰበርሻት።»

«ጎድን ይጠገናል። ልቀቀኝ፤ ሲደክመኝ አንተ ትተካኛለህ።»

ለቀቃት። ሕፃኑ ጓዳ ሆኖ ያለቅሳል፤ ልቅሶውን ሰምታ ስትቀር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እየተፈራረቁ ሲጫኑ አምቡላንሱ ደረሰ፤ ባለሙያዎቹ በመሣሪያ ልባቸውን ሁለቴ በኤሌክትሪክ መቱት፣ በሁለተኛው ተመለሰ።

አማቷ ሆስፒታል ሲነቁ፣ «ደረቴን ማን ረገጠው?» ብለው ጠየቁ። ልጃቸው ወደ ሚስቱ አመለከተ።

«ይህን ያህል እንደምትጠላኝስ አላውቅም ነበር» አሉና ሊስቁ ሲሉ ጎድናቸው ወጋቸው።

ቤት ከተመለሱ በኋላ ቅብዝብዝ የምትጠብቀው ትንፋሽ ሁለት ሆነ። ሰው ሁሉ እጅሽ ይባረክ ሲላት፣ መዳፏ ላይ የቀረው ያ ቀጭ ያለው ነገር ነው። መርፌ ትሰብራለች፣ ኪስ ገልብጣ ትሰፋለች፣ በምሳ ሰዓት ሮጣ ቤት ትመጣለች።

አንድ ቀን አማቷ ጋደም ብለው ሳለ በሩ ላይ ቆማ ደረታቸውን ታያለች። ዐይናቸውን ሳይገልጡ፣ «አለሁ» አሏት።

«አውቃለሁ እማዬ። ዝም ብዬ ነው።»

«ቆመሽ ስታዪኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ወይ ሥራሽ ሂጂ፣ ወይ ተቀመጪና አጫውቺኝ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እግሯን መወዝወዝ ግን አልተወችም። ስለ ሥራ ባልደረቦቿ አወራች። አማቷ «እሷ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» እያሉ ሲጠይቁ ምሳ ሰዓቱ አለቀ። ተነሣች፤ በሩ ላይ ዞር ብላ ደረታቸውን አንዴ አየችና እየሮጠች ወጣች።