የወፍጮው መስመር

ባሌ የመካነ ሰላም የመብራት ሞተር ተቆጣጣሪ ነበር። ሞተሩ ከሰዓት በኋላ ይነሳል፤ መጀመሪያ ለወፍጮ ቤቱ፣ ሲመሻሽ ደግሞ ለከተማው አምፖሎች። ቀበሌው የሚሰበሰብበት አዳራሽ ከሞተር ቤቱ አጠገብ ነው፤ ወፍጮው ከከተማው ጫፍ፣ የእኛ ቤት ደግሞ ከወፍጮው አለፍ ብሎ።

ወፍጮው ሲነሳ የሁላችንም መብራት ደክሞ ይቀላል። ምክንያቱን ጠይቄው ነበር።

«ወፍጮው የሚስበው የሚፈጭበትን ኃይል ብቻ አይደለም» አለኝ። «በሽቦው ላይ ሄዶ የሚመለስ ሌላም አለ። ባዶውን የሚመላለስ አጋሰስ በይው። ጭነት የለውም፤ መንገዱን ግን ያጣብባል።»

ስለዚህ ወፍጮው ሲነሳ መዘውሩን አዙሮ ቮልቴጁን ከፍ ያደርጋል፤ ሲቆም ይመልሰዋል። ካላነሳው ዳር ያለው የወፍጮ ሞተር ይቃጠላል፤ ካበዛው ቅርብ ያለው የአዳራሹ አምፖል ይፈነዳል። ዓይኑን ከቮልቴጅ መለኪያው፣ እጁን ከመዘውሩ ሳይነቅል ያመሽ ነበር።

ንጉሡ ወርደው ቀበሌ ሲቋቋም ራቡ ደጋውን ገና አልለቀቀም። ከማሻ በኩል የመጣው ሰው በየአጥሩ ጥግ ሰፍሯል። የእርዳታ ስንዴ ይሰፈርለታል፤ መቀቀያ ማገዶ ግን የለውም። ጥሬውን የቆረጠመ ደካማ ሆዱን ይዞ ይወድቃል። ዱቄት ሲሆን ግን በጥቂት ጭራሮ አንድ እፍኙም አጥሚት ይወጣዋል፤ ነፍስ ያቆያል።

በእኛ ዘንድ በማርያም ዕለት አይፈጭም፤ ዋዜማውን ወፍጮ ቤቱ ይጨናነቃል። በአንዱ የማርያም ዋዜማ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ባሌ መዘውሩን ጥግ ድረስ ወስዶ ወፍጮውን እንደ ሸክም ይዞት ሳለ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰማ። ወፍጮኛው በዓሉ ገባ ብሎ የወፍጮውን ሞተር ድንገት አጠፋ። ባሌ መዘውሩን እስኪመልስ ከፍ ያለው ቮልቴጅ አዳራሹ ላይ ወረደ፤ አምፖሎቹ ተራ በተራ ፈነዱ።

ሞተር ቤት ራት ይዤለት ቆሜ ሳለሁ የቀበሌው ካድሬ ገባ።

«አሻጥር ነው» አለ።

«ዋዜማ ነው እንጂ አሻጥር አይደለም፣ ጌታው» አለ ባሌ።

«ጌታ የሚባል ወርዷል።»

«እሺ፣ ጓድ። ስብሰባውን ለማርያም ዕለት ብታደርጉት ወፍጮው ያርፋል፤ መብራታችሁን የሚነካው የለም።»

ለእሱ ነገሩ የመስመር ጉዳይ ብቻ ነበር። ካድሬው ሳቀ። «አብዮቱ ለማርያም ይቀጠር? ታቦትም እናውጣለት እንግዲያ።»

ወህኒ እንዳይወስዱት ሞተሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። እዚያው ሞተር ቤት ውስጥ ከውጭ ቆለፉበት። ምግቡን በጭስ መውጫዋ መስኮት አቀብለው ጀመርኩ። ጭሱ ያመጣበት ሳል ቀን በቀን ከሞተሩ ድምፅ በላይ ይሰማኝ ነበር።

የሚቀጥለው ወር ዋዜማ ሲደርስ ደግሞ ስብሰባ ተጠራ። «ስብሰባ ባለን ቁጥር የወፍጮውን መስመር ቁረጥ፤ ዛሬ ከጀመርክ ማታውን ቤትህ ታድራለህ» አሉት። የቤቶቹን ትቶ የወፍጮውን መስመር ብቻ የሚቆርጠው እጀታ ከራስጌው ነበር። ኤሌክትሪኩን ፈርተው ከእነሱ የሚነካው አልተገኘም።

በመስኮቷ አንገቴን አስግጌ «በማርያም ይዤሃለሁ፤ ቁረጠውና ና» አልኩት።

«በማርያም አትያዥኝ፣ እታለም። ወፍጮ ቤት የተሰለፈውም በእሷው ነው የያዘኝ።» ከንፍሮው ቀመሰና አየኝ። «ጨው የለውም። እስረኛ ነው ብለሽ ነው?»

ወደ ቤት ስመለስ ወፍጮው ለእህል መቀየሪያ ቆሞ ነበር። በደጁ ስልቻና ቁና የታቀፉ ሴቶች ተደርድረው አየሁ። ቀና ብዬ ዓይናቸውን ላይ አልቻልኩም።

ቤት ገብቼ መደቡን ለሁለት አነጠፍኩ። አምፖሉ ነጭ ነበር። ከቆረጠው ነጭ እንደሆነ ይቆያል፤ እሱም ይመጣል። ቁጭ ብዬ አየሁት። የእግር ኮቴ የሰማሁ መሰለኝ፤ የጎረቤት ነበር።

ከዚያ አምፖሉ ቀላ። ክሩ ፍም መስሎ ቆየና ቀስ እያለ መለስ አለ፤ መዘውሩን ለሴቶቹ እያዞረላቸው ነበር። አንዱን ጋቢ አጥፌ ከራስጌዬ አኖርኩት።

በሩን የከፈቱለት ሳሉ ጠንቶበት መዘውሩን ከእጁ ሲያስጥለው ነው። ተሸክመው አመጡልኝ። ብዙም አልቆየልኝ።

ዛሬም መብራት በቀላ ቁጥር ከመቀመጫዬ እነሳለሁ። ወዴት እንደምሄድ ግን አላውቅም።