ፎቶው ጥግ ላይ የነበረው ፈረስ

ስልክዎ ላይ የመጣ ፎቶ አይተው፣ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ እንኳ ሳይጨርሱ፣ «ይህቺ ሴትዮ እንዲህ ናት እንዴ!» ብለው ያውቃሉ? እኔ ብያለሁ። ያውም ሥራዬ እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን መመርመር ሆኖ ሳለ።

ሞላሌ በምትባል ትንሽ የደጋ ከተማ ውስጥ መምህርት ነኝ። በክረምት ዩኒቨርሲቲ እየሄድኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። የመመረቂያ ጥናቴ በፖለቲካ ውስጥ ያሉ ሴቶችን ስም ለማጥፋት ስለሚሰራጩ ሐሰተኛ ምስሎች ነው። ነገርን በሥርዓት ማስቀመጥ ስለምወድ ደብተሬ ላይ ሠንጠረዥ ሠርቻለሁ፤ ፎቶው ምን ያሳያል፣ ማን ለጠፈው፣ መቼ ተለጠፈ፣ ምን ተቀይሮበታል። የመጨረሻውን ዓምድ ለመሙላት ጥላ ወዴት እንደሚወድቅ አያለሁ፣ ጣት እቆጥራለሁ፣ የፊትና የአንገት ቀለም አመሳክራለሁ። በሌላ ሴት ሰውነት ላይ የተቀጠለ ፊት አግኝቻለሁ። ስድስት ጣት ያላት የምክር ቤት አባልም አግኝቻለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ጥናቱ ቤቴ ድረስ መጣ። አከራዬ የበግ ጠጉር ፈትለው ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ የሚያሸምኑ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ድምፃቸው ከፍ የማይል ሴት ናቸው። ለወረዳው ምክር ቤት ዕጩ ሆነው ነበር። አንድ ጠዋት ስልኬን ስከፍት ማጭድ ይዘው፣ ከተከመረ ሳር አጠገብ ጎንበስ ብለው አየኋቸው። ከሥሩ «ሕግ አወጣለሁ ባይዋ ባለፈው ሳምንት የተከለከለ ጓሳ ሲያጭዱ» ይላል።

ለማያውቅ ላስረዳ። ጓሳ ከደጋው ላይ ያለ ሰፊ የሳር መሬት ነው፤ የሁላችንም ነው። ሳሩ ለቤት ክዳንም ለገመድም ይሆናል፤ የሚታጨደው ግን ሕዝቡ መክሮ ሲከፍተው ብቻ ነው። በተከለከለበት ጊዜ ማጭድ ይዞ የገባ ሰው ከጎረቤቱ ሁሉ ነው የሰረቀው።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ «እሳቸውም?» ነው ያልኩት። ከዚያ ስላፈርኩ ይመስለኛል፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ገብቼ ፎቶው የተቀነባበረ መሆኑን አወጅኩ። የእጃቸው ጥላ ልክ አይደለም ብዬ በጠመኔ ሥዬ አሳየሁ።

«ማጭዱም የተቀጠለ ነው?» አለ የሒሳብ መምህሩ።

«እሱን ገና እያጣራሁ ነው» አልኩ። ሳቁብኝ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ አከራዬ እንዝርታቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ አይዞዎት። ፎቶው የተቀነባበረ ነው፤ ለሁሉም አስረዳለሁ።»

እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «እኔ ነኝ ልጄ። ጓሳው ተከፍቶ፣ ከሕዝቡ ጋር ያጨድኩ ጊዜ ነው። ያኔ ዘመድ አንስቶኝ ፌስቡክ ላይ አውጥቶት ነበር።»

«መቼ ነበር?»

«ቀኑን ማን ይዞት! ብናገርስ ማን ያምነኛል? ልጆቼ የሌባ ልጆች ሊባሉ ነው። ይልቅ ጽሕፈትሽ ያምራል፤ ከዕጩነት ለቅቄያለሁ ብለሽ ጻፊልኝ። ሰኞ አስገባለሁ።»

ወረቀት አወጣሁ። ቀኑን ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ ከዕጩነት ስለ መልቀቅ» ብዬ ከሥሩ በማስመሪያ አሰመርኩበት። ከዚያ በላይ እጄ እምቢ አለ። ዝም ቢሉኝ ኖሮ የኔ ውሸት ያድናቸው ነበር። አልፈለጉትም። ለዚያች አንዲት ቃላቸው፣ ለ«እኔ ነኝ»፣ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ ከቤታችን በላይ ወደሚኖሩ፣ ለረጅም ዘመን የጓሳ ጠባቂ ወደነበሩ ሽማግሌ ሄድኩ። ጓሳው መቼ መቼ እንደተከፈተ ጠይቄ በቅደም ተከተል ልመዘግብ ነበር ሐሳቤ። እሳቸው ግን ስልኩን ተቀብለው ወደ ጥላ ገቡና ከዓይናቸው አርቀው ያዙት።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ፊታቸውን...»

«ፊቷን ተይው። እሷን መች አጣኋትና! ይቺን ጥግ አተልቂልኝ።»

አተለቅኩት። ዳር ላይ ግማሽ የፈረስ ራስ አለ፤ ግንባሩ ነጭ፣ ግራ ጆሮው የተቀደደ። ስንት ጊዜ ያየሁት ፎቶ ነው፤ ፈረሱን ግን አንድም ቀን አላየሁትም።

«ቦራዬ! ፈረሴ!» አሉ።

«በምን አወቁት?»

«አንቺስ ተማሪዎችሽን በምን ታውቂያለሽ? ይኸው፣ ጅብ የቀደደው ጆሮው! ያን ቀን ጓሳውን ከፍቼ ሕዝቡን ያስገባሁት እኔው ነኝ፣ በሱ ላይ ሆኜ። ቦራ ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው። ባለፈው ሳምንት ነው ያሉት? የሞተ ፈረስ አስነስተው ሳር አስጫኑት በያቸው!»

ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው ቆመና የተቀደደውን ጆሮ በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። ቦራን ናፍቀውት እንደነበር ያኔ ገባኝ።

እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ግቢው ውስጥ እንደቆመ ሽማግሌው ወደ ፊት ወጥተው ሁሉንም ተናገሩ።

«አባባ፣ ፈረስዎ ነው ምስክሩ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«አዎ! ካንተ ይሻላል። እሱ ያላየውን አላወራም።»

ሳቁ ከግቢው አልፎ ተሰማ። አከራዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆሙ።

«ያን ወረቀት ጨረስሽው?»

«አልጨረስኩትም፣ እትዬ።»

«እንኳንም! ተይው በቃ።»

ምርጫው ገና ነው። ያሸንፉ አያሸንፉ አላውቅም፤ ግን ስማቸው ዝርዝሩ ላይ አለ። ወረቀቱም ደብተሬ ውስጥ አለ፤ ከመስመሩ በታች ባዶ ነው። በዚያ ፎቶ ረድፍ፣ «ምን ተቀይሮበታል» በሚለው ሥር፣ «ቀኑ ብቻ» ብዬ ሞልቻለሁ። ከሁሉም በፊት ደግሞ አዲስ ዓምድ ጨምሬያለሁ፦ «ሴትዮዋን ራሷንና ቦታውን የሚያውቅ ሰው ጠይቄያለሁ?»

እስቲ እርስዎም ይሞክሩት። ሰሞኑን በአንዲት ሴት ላይ ያናደደዎትን ፎቶ ያውጡ። ፊቷን በአውራ ጣትዎ ይሸፍኑ። ከዚያ ጥጉን አተልቀው፣ ያንን አገር ለሚያውቅ አንድ ሰው ያሳዩና ምን እንደሚል ይስሙ።