ባል የሌላት ጀግና

እንጅባራ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ጓደኛዬ ከባሕር ዳር የመጣ የአክስቷ ልጅ ስልክ ላይ አንድ በሥዕል የሚተረክ የኮሚክ መጽሐፍ አየች። አፍሪካውያን ሴቶች ጋሻና ጦር ይዘው በአየር ሲበሩና ጉልበተኛ ሲያንበረክኩ የሚያሳይ ነው። እሷ ሥዕል ይሆንላታል፤ እኔ ደግሞ ወሬ አላጣም። ለሴቶች ቀን የራሳችንን ለመሥራት ተስማማን። እሷ ሣለች፣ እኔ ከአፋቸው የሚወጣውን ቃል ጻፍኩ። የእኛዎቹ ጀግኖች ፈረስ ይጋልባሉ፣ የቀርከሃ ጦር ይወረውራሉ፣ ጭቃ የዋጠውን ሚኒባስ ከነተሳፋሪው በአንድ እጅ መዘው ያወጣሉ።

ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ከመለጠፉ በፊት ኮሚቴ ይየው አለን። ኮሚቴው ስለ ሴቶች ጥንካሬ የሚወስኑ ሦስት ወንዶች ነበሩ።

የሥነ ዜጋ መምህራችን ስለ እኩልነት ሲያስተምሩ ድምፃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰው ናቸው። ልብሱ አጠረ አሉ። ፈረስ ላይ የማያስወጣ ቢሆንም እስከ ቁርጭምጭሚት አስረዘምነው። የስፖርት መምህሩ የሴቶቹ ክንድ ፈረጠመ አሉ፤ አቀጠንነው። በዚያ ክንድ ሚኒባስ እንዴት እንደሚነሣ የጠየቀን የለም። በመጨረሻ ምክትል ርእሰ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁና ጓደኛዬን ተመለከቷት።

«ባሏ የት አለ?»

«የማን?»

«የዚች፣ የመሪያቸው።»

«ቤት ነው ቲቸር። ልጅ ይዞ።»

ምክትሉ አልሳቁም። ታሪኩ ወንዶችን አግልሏልና ወንዶችም ይግቡበት ብለው መለሱን።

ከቢሮው ስንወጣ እኔ ልቅደደው ብዬ ነበር። እሷ ግን ተረጋግታ፣ ወንድ ከፈለጉ ወንድ እናስገባለን አለች። በአዲሱ ገጽ ላይ ሦስት ወንዶችን ጅብ ከበባቸው፤ ጀግኖቹ ደርሰው አዳኗቸው። መነጽር ያደረገው መሪዋ ትከሻ ላይ እንደ ገብስ ጆንያ ተንጠልጥሏል። አንዱ ዛፍ ላይ ወጥቶ ስለ እኩልነት ይናገራል። ፊሽካ አንገቱ ላይ ያሰረው ከሁሉም ቀድሞ ይሮጣል። ኮሚቴው ወንዶች መግባታቸውን ብቻ አይቶ ፈረመበት፤ ማኅተምም መታበት። ራሳቸውን እንዴት እንዳላወቁ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ሰው ራሱን የሚፈልገው ከአዳኞቹ መሐል ነው መሰለኝ።

በሴቶች ቀን ኮሚኩ ተለጠፈ፤ ሴት ተማሪዎች ግድግዳው ሥር ተሰበሰቡ። መጀመሪያ አንዷ ሳቀች፤ ቀጥሎ ግቢው በሙሉ። የስፖርት መምህሩ አንዴ አይተው ወደ ሜዳው ሄዱ። የሥነ ዜጋው ሊቆጡ ጀምረው ነበር፤ ከሥዕሉ ግርጌ ያለውን ፊርማቸውን ሲያዩ ተዉት። ምክትሉ ተማሪውን ገፋ ገፋ እያደረጉ ቀረቡ። እኔ ከጓደኛዬ ኋላ ተደበቅኩ፤ እሷ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ምክትሉ ትከሻ ላይ የተንጠለጠለውን ሰውዬ ትኩር ብለው አዩት።

«ጠጉሬን አሳንሰሽዋል» አሏት።

እርሳስ አውጥታ እዚያው ጨመረችላቸው።

ከሰዓት በኋላ ኮሚኩ ተነሣ፤ ግድግዳው ሊቀባ ነው ተባለ። ትምህርታችንን ጨርሰን እስክንወጣ ድረስ አልተቀባም።